የፕሪሟ ዋስ

ጃንዋሪ 6፣ የገና ዋዜማ

ዛሬ የአባቴን ውርስ በአንዲት ዛፍ አስያዝኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ፍሬ ባልሰጠች የፕሪም ዛፍ።

ነገ መንደሩ ሁሉ እንደየአፉ ያወራዋል፤ እኔ እንደሆነው ልጻፈው።

በኛ ዘንድ በገና ዋዜማ ያላፈራ ዛፍ ይፈረድበታል። ሁለት ሰው ወደ ግቢ ይወጣል። አንዱ መጥረቢያ አንስቶ «ልቁረጥሽ?» ይላታል። ሌላው «ተዋት፣ ዋሷ እኔ ነኝ፣ ዘንድሮ ታፈራለች» ብሎ ይለምናል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ይባልና መጥረቢያው ይወርዳል፣ ሰውም ገብቶ እራቱን ይበላል። ከልጅነታችን ጀምሮ መጥረቢያው የወንድሜ የሬልያ ነው፣ ዋስነቱ የኔ። ያደለን አባባ ነው። «ወንዱ ያስፈራራ፣ ሴቷ ትለምን» እያለ ይስቅ ነበር። ሁሉም ዛፍ ባፈራበት ዓመት እንኳ ወጉ እንዳይቀር አንዷን በሐሰት እንከስሳት ነበር። ዘንድሮ የሚስቅልን የለም። ኖቬምበር ላይ ቀበርነው።

እኔና ሬልያ ከዲሴምበር አጋማሽ ወዲህ አልተነጋገርንም። ለውርሱ ጉዳይ ውልና ማስረጃ ተጠርተን ስንሄድ ጸሐፊዋ ወረቀቱን ቀድማ አትማ ጠበቀችን፦ እኔ ቪሽኛ የአባቴን ውርስ ድርሻዬን በሙሉ ፈቃዴ ለወንድሜ ለቅቄያለሁ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። እስክሪብቶውን ክዳኑን ከፍታ አቀበለችኝ።

«ፈቃዴን የጠየቀኝ ማነው?» አልኳት።

«ውይ የኔ እህት፣ የተለመደ እኮ ነው! እህት ለወንድሟ ትተዋለች። ጊዜ ልቆጥብላችሁ ብዬ ነው።»

አባባን አራት ዓመት ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። የቤልግሬድ ሥራዬን ለዚያ ብዬ የተውኩትም እኔ ነኝ። አልፈረምኩም። ሬልያ ጆሮው ድረስ ቀላ። እማዬ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ቤት ስንደርስ ከቅዱስ ኒኮላስ ሥዕል ጀርባ ሸጎጠችው። አሁንም እዚያው ነው።

ውርስ የምንለው ይህ ቤትና ይህ ግቢ ነው፤ ሌላ የለም። ሬልያ የጭነት መኪና ይነዳል፣ ከሚስቱ ጋር ከተማ ይኖራል። ወደዚህ የመመለስ ሐሳብ አለው። መኪናውን ለማስገባት ያቀደው መንገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ በፕሪሟ ላይ ያልፋል።

ዛሬ ማታ እማዬ «አባታችሁ ባይኖርም ዛፏ አለች፤ ውጡ» ብላ አስወጣችን። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ሬልያ አነሳ፣ ለመንኩ። አነሳ፣ ለመንኩ። ሦስተኛው ላይ አየር ላይ አላቆመውም። መጥረቢያው ልጧን ሰንጥቆ ገባ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ዋስ፣ ዋስ ትያለሽ» አለኝ። «በምንሽ ነው ዋስ የምትሆኚው?»

«በድርሻዬ!» አልኩ። «ለደብረ ታቦር ካላፈራች እፈርምልሃለሁ። ካፈራች ግን ዛፏን አትነካም፤ ያንን ወረቀትም ሁለተኛ አታነሳብኝም።»

«እማ፣ ሰማሻት?»

«ሰማሁ» አለች እማዬ ከበረንዳው። «የዋዜማ ቃል ነው። አሁን ግቡ፣ ቦሎቄው ቀዘቀዘ።»

ቦሎቄው በጣም ጥሩ ነበር። ይህንንም እንደሆነው ልጻፍ።

ጃንዋሪ 8

ሬልያ ገና ሳይነጋ ሄደ።

ቁስሉን ላክም ወጥቼ ነበር። አራት ጣት ያህል ይሰፋል። ቀድሞኝ የታከመ ሆኖ አገኘሁት፤ ጭቃና እበት ተለውሶ ተመርጎበታል፣ በሰማያዊ ጨርቅም ተጠቅልሏል። እማዬ ናት መቼም። የጭነት ሸራ የሚታሰርበትን ዓይነት ቋጠሮ የት እንደተማረች እንጃ። ጥሩ ቋጠሮ ነው።

ጃንዋሪ 19

ሱቅ። እትዬ ደሳንካ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስኳር እየመዘነች ለሴቶቹ ስታወራ ደረስኩ።

«አባቷ ራዲሳቭ ነፍሱን ይማረውና ስሟን ቪሽኛ፣ ጎምዛዛ ቼሪ፣ ብሎ ሲያወጣላት ማወቅ ነበረበት። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ፕሪም ተከለ፣ የበቀለችለት ቪሽኛ!»

«ጨውም ስጪኝ እትዬ» አልኳት ከኋላ።

ዞር አለችና ምንም ሳታፍር «የምን ጨው ልጄ፣ አንቺ ምን ይጎድልሻል» አለችኝ።

መንገድ ላይ ለብቻዬ ሳቅሁ። ሳቄ ሲያልቅ ተናደድኩ። ወንድም በላ ይሉኛል። አንድም ሰው አባቷን ያስታመመች ሲል አልሰማሁም።

ፌብሩዋሪ 14፣ የቅዱስ ትሪፎን ዕለት

ቀኑን ሙሉ ዛፍ ስገርዝ ዋልኩ። ጣቶቼ እስክሪብቶ አይይዙም፤ ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ዛፍ መግረዝ ላይ እማዬ እንኳ አታርመኝም።

ፕሪሟን ራንካ ብለን የምንጠራት በዝርያዋ ስም ነው፤ ቀዩ፣ ቀድሞ የሚደርሰው ያገራችን ፕሪም። አባባ የተከላት ሬልያ በተወለደ ዓመት ነው። እስከ ዛሬ ሦስት ዓመት ድረስ ቅርንጫፎቿን በባላ ካልደገፍናቸው ይሰበሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሙሽራ መስላ ታብባለች፣ አበባዋ ይረግፋል፣ በቃ። የመጀመሪያውን ዓመት በውርጭ አመካኘሁ። ሁለተኛውን ዓመት አፈሩን አስመርምሬ ማዳበሪያ ሰጠኋት። ሦስተኛው ዓመት መድኃኒት ረጨኋት። ሁሉንም ከቀን ጋር መዝግቤያለሁ። የግብርና ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ መመዝገብ።

ብርሃንም አልጎደለባትም። ጎረቤታችን ጋሽ ቬሊሳቭ አጥሩ ላይ ተንጋዶ የነበረውን የታመመ ዛፉን ካስቆረጠ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በደንብ ታገኛለች። ታሟል ተብሎ ተነግሮት ነው የቆረጠው።

ማርች 9

ይህ ረጅም ይሆናል።

እማዬ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ቦሎቄ ትለቅማለች። እኔ ጠረጴዛው ላይ አራት መጽሐፍ ዘርግቼ ለራሴ አጉረመርማለሁ፤ ፖታሲየም፣ ቦሮን፣ የሥር መበስበስ። እማዬ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው።

«ምን ያስጨንቅሻል» አለች ቀና ሳትል። «ባሏን ከገደሉባት ወዲህ አይደል የነጠፈችው።»

«የማንን ባል?»

«የራንካን ነዋ። ያ የቬሊሳቭ ዛፍ። አብረው ነበር የሚያብቡት፤ ንቦቹ ከሱ ወደሷ፣ ከሷ ወደሱ ሲሉ ይውሉ ነበር። እሱ ተቆረጠ፣ እሷም ተወችው።»

እጄ መጽሐፉ ላይ ቀረ። ራንካ በራሷ የአበባ ብናኝ የማታፈራ ዝርያ ናት። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ይህ ፈተና ላይ መጥቶ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ሙሉ ነጥብ!

«እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም? ሦስት ዓመት!»

«መች ጠየቅሽኝ? አንቺ መጽሐፍ ነበር የምትጠይቂው።» አንዲት ጠጠር ለቅማ ወረወረች። «የምታውቂው መስሎኝ ደግሞ።»

አሁን ባለፈው የሸፈንኩትን ልጻፍ። ለጋሽ ቬሊሳቭ ዛፉ ታሟል ብሎ የነገረው ሰው እኔ ነኝ። ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ብጫ ነጥብ አየሁ፤ ሻርካ የሚባለው የፕሪም በሽታ ነው፣ ክሽክሽ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ከዛፍ ወደ ዛፍ ያዛምተዋል። የኛን ለማዳን ብዬ ሥዕል ያለበት ወረቀት ይዤ ሄጄ ስብከት ሰበክሁበት። ልክ ነበርኩ፤ ዛፉ ታሞ ነበር። ልክ ሆኜ መበለት አደረግኋት።

ለሬልያ ይህንን አልነግረውም።

ማርች 10

ጋሽ ቬሊሳቭ ጉቶው ላይ ተቀምጦ ትምባሆውን ያጨሳል።

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ቁረጠው ያልሽኝ? በባለቀለም ሥዕል አሳየሽኝ እኮ።»

«አዎ ጋሼ። ተሳስቼ ሳይሆን…»

«እሱንስ አላልኩም። ታሞ ነበር። ሰውም ይታመማል፣ እንዲህ በአንዴ አይቆርጡትም።» ደጋግሞ አስሎ ሳቀ። «የሱ ወንድም አለልሽ። ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ስታገባ በችግኝነቱ የሰጠኋት ነው፤ ተንከባክባ ያዘችው፣ ጤነኛ ነው።»

«ለማን ነው የሰጠኸው?»

«ለደሳንካ ነዋ።»

በዚህ መንደር ስንት ግቢ አለ? ከሁሉ የደሳንካ!

ማርች 29

የራንካ እምቡጥ ነጭ ጫፍ አውጥቷል። ሦስት ቀን ቢቀረው ነው። ከዚህ በላይ ላዘገይ አልችልም። ሄድኩ።

እትዬ ደሳንካ ደጇ ላይ ቆማ ምንጣፍ ታራግፋለች። አቧራውን ወደኔ።

«ምን እግር ጣለሽ፣ አንቺ ወንድም በላ?»

«አበባ ፈልጌ።»

«ለመቃብር?»

«ለሠርግ።»

ምንጣፉን አወረደችው። «የማን ሠርግ? ደግሞ ማን ሊያገባሽ ደፈረ?»

«የኔ አይደለም፤ የዛፌ ነው። ሙሽራው አንቺ ግቢ ነው ያለው። ጥቂት ያበበ ቅርንጫፍ ስጪኝ፣ ባልዲ ውስጥ አድርጌ እሰቅልላታለሁ፤ ንቦቹ የቀረውን ይሠራሉ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እንድለምናት እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ። በዋዜማ ለዛፍ ስለምን ከልጅነቴ ጀምሮ አፍሬ አላውቅም፤ ለሰው ሲሆን ለምን አንገቴ ይደርቃል?

«እባክሽ እትዬ» አልኩ።

«ድገሚው፣ አልሰማሁም።»

«እባክሽ እትዬ ደሳንካ!»

ሳቋን ለቀቀችው። ራሷ መጋዝ አምጥታ ራሷ መረጠች፤ እኔ ከምመርጠው ይሻል ነበር። አሸክማኝ ስታበቃ «ካፈራች የመጀመሪያው ሳህን የኔ ነው» አለች። «ሙሽራው ከኔ ወገን ነው፣ ስጦታዬ እንዳይቀርብኝ።»

ኤፕሪል 2

አበበች። አራት ባልዲ፣ አራት ቅርንጫፍ ላይ። ብርድ። ንብ የለም።

ኤፕሪል 3

ንብ የለም።

ኤፕሪል 4

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጣች፤ ከክፍል እየሮጥሁ መጣሁ። ንቦች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ራሴ ንብ ሆንኩ። የሥዕል ብሩሽ ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ፤ ከባልዲው አበባ ብናኙን እየነካሁ ወደሷ አበባ። አላፊ አግዳሚው ተሰበሰበ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! ሙሽራው የት አለ?»

«ባልዲ ውስጥ!» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ መሳቅ የኛ ሆነ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሠራሁ መሰላሉ መወዛወዙን አቆመ። ወደ ታች ባይ ሬልያ ነው፣ በሁለት እጁ ይዞታል። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሟል። ሊጥለኝ መስሎኝ ነበር።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሥራዬን።»

«ከላይ በግራ ያለው አልደረስሽውም።»

ወደ ላይ በግራ ደረስኩት። ጨርሼ ስወርድ እማዬን እንኳ ሳይስም ሄደ። ምን ዓይነት ልጅ ነው እናቱ ደጅ ድረስ መጥቶ የማይገባ?

ኤፕሪል 27

ያዘች!

የስንዴ ቅንጣት የሚያካክሉ አረንጓዴ ጉብታዎች፤ የደረቀው አበባ ቀሚስ እንደሚወልቅ ከላያቸው እየወለቀ። አልቆጥርም ብዬ ነበር። አንድ መቶ አሥራ ስምንት።

እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አውጥታ አየች፣ መልሳ ከተተችው። «እርጉዝ ዛፍ ላይ ጣት አይጠቆምም» አለችኝ።

ሜይ 18

የአባባ ሙት መንፈቅ። ዝናብ ነበር። ሬልያና ሚስቱ ታማራ መጡ። መቃብሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ሻማ አበራን፤ የኔ ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ በሱ ሻማ ለኮሰልኝ። ሌላ ነገር አልተነሳም።

ሰው ከሄደ በኋላ ከእማዬ ጋር ሳህን ስናጥብ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፦

«እኔ ስፈርም እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎኝ ነበር።»

«መቼ ነው የፈረምሽው?»

«አባቴ ሲሞት ነዋ። ለወንድሞቼ። እስክሪብቶው አልጽፍ አለ፤ ወረቀቱ ላይ ጭረቱ ብቻ ቀረ። ጸሐፊው ‹ድገሚው› አለኝ፣ ደገምኩት። ሁለት ጊዜ ፈረምኩ።» ሳህኑን ሰጠችኝ። «ይሄን በደንብ አልለቀለቅሽውም።»

ወንድሞቿ ለቀብሩም አልመጡ፣ ለመንፈቁም አልመጡ። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ሳህኑን ደግሜ ለቀለቅሁት።

ጁን 12

በረዶ። ሩብ ሰዓት ብቻ ነው የቆየው፣ የዋልነት ፍሬ የሚያህል። ከክፍል ወጥቼ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ጣሪያውን ሲደበድበው እያንዳንዱን በራሴ ላይ እንደሚወርድ ቆጠርኩት። ቤት ስደርስ መሬቱ በአረንጓዴ ፕሪም ተሸፍኗል። ዛፏ ላይ ሃምሳ ይቀር ይሆናል። ትልቁ የምሥራቅ ቅርንጫፍ ሊገነጠል ተሰንጥቋል። ጨልሞ ነበር፤ ነገ እደግፈዋለሁ ብዬ ገባሁ።

ሞኝ ነኝ። ድርሻውን በበረዶ እጅ የሚያስይዝ ማን አለ?

ጁን 13

ቅርንጫፉ ተደግፎ አደረ። አዲስ የተቆረጠ ባላ፣ በደንብ የተቀበረ፤ ስንጥቁም በሰማያዊ ጨርቅ ታስሯል። ጋሽ ቬሊሳቭን ላመሰግን ብሄድ «ልጄ፣ እኔ እኮ ወገቤን ይዞኝ ሦስተኛ ቀኔ ነው» አለኝ። እማዬ ደግሞ «እኔ ምን አውቃለሁ» አለችና ወደ ዶሮዎቿ ሄደች።

መንገዱ ላይ ያለው ጭቃ በትልቅ ጎማ ታርሷል። የጭነት መኪና ነጂዎች በሰው ደጅ ያለ ጭንቀት ይዞራሉ። ነገ አካፋ ይዤ ማስተካከል ሊኖርብኝ ነው።

ጁላይ 5

ሬልያ ደወለ። ከቪየና መንገድ ላይ ነው፣ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል።

«ስንት ቀረች?»

«ምን አገባህ?»

«ተወራራጅ ነኝ እኮ።»

«የሚበቃኝን ያህል።»

«ፍሬው መቅላት ሲጀምር ወፎቹ ይመጣሉ» አለ። «አባባ ላዩ ላይ የቴፕ ክር ያንጠለጥል ነበር። የድሮ ካሴቶች ሳጥን ውስጥ አሉ፣ አልጋዬ ሥር።»

«አውቃለሁ» አልኩት። አላውቅም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ሄድኩ፤ ካሴቶቹ አሉ። ክሩን ፈትቼ ሰቀልሁት፤ አሁን በነፋስ ይንሿሿል። ደህና መንገድ እንኳ አላልኩትም። መልሼ ልደውል አሰብሁና ምን ብዬ?

ጁላይ 28

እየቀላች ነው። መጀመሪያ በፀሐይ በኩል ያለው ጉንጯ፣ ከዚያ ዙሪያውን። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ጠዋት ጠዋት ባዶ እግሬን ወጥቼ እዞራታለሁ። ከደሳንካ ጋር ተገናኝተን ሰላም ተባባልን። «ምራቴ እንዴት ናት?» አለችኝ። ዓመቱን እንደ መጥፎ ዓመት መቁጠር ነበረብኝ፤ አልሆነልኝም። አባባ ቢኖር ይህችን ጠዋት ይወዳት ነበር።

ኦገስት 18

ነገ ነው። አርባ አንድ ፍሬ። አምስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ።

ሬልያ «ይሄ ማፍራት ነው እንዴ? ድሮ እኮ በጋሪ ነበር» ቢለኝ ምን እላለሁ? በዋዜማ ስንት እንደሚሆን አልተባለም። ሕግ የተማረ ሰው ብሆን እጽፈው ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለዚህ ደብተር ብቻ፦ ባታፈራም ኖሮ አልፈርምም ነበር። ቃሌን እበላ ነበር። የዋዜማ ቃል በላች በሚሏት ሴት ስም እዚሁ መንደር ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ እኖር ነበር። አንዲት ዛፍ ከውሸታምነት አዳነችኝ፤ ዋስ የሆነችው እሷ ናት ማለት ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ኦገስት 19፣ ደብረ ታቦር

ከቅዳሴ መልስ መጣ። ብቻውን ነው። ነጭ ሸሚዙን ለብሷል፣ የሚወደውን ሰማያዊውን አይደለም። ያንን ሰማያዊ ሸሚዝ ከለበሰው ቆይቷል።

እማዬ በረንዳው ላይ በዋዜማው የቆመችበት ቦታ ቆመች። እኔ ከዛፏ ሥር ነኝ። ሬልያ ቀስ ብሎ አንድ ዙር ዞራት።

«ስንት ናት?» አለ።

«አርባ አንድ።»

«አርባ ሁለት» አለ። «ከባላው ጀርባ ያለችውን ዘልለሻል።»

ሄጄ አየሁ። አለች። በቅጠል ተሸፍናለች፤ ጎንበስ ብሎ ያላየ አያገኛትም። እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅሁትም።

«እኔ ነኝ ያስፈራራኋት» አለ። «መጥረቢያ ስትቀምስ ልብ ገዛች።»

«ባል ስላመጣሁላት ነው!»

«ከመጥረቢያው ወዲህ ነው።»

«በሳይንስ…»

«ኡኡቴ! ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች እማዬ። «እግዚአብሔር ነው የሰጣት።»

ያን ጊዜ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አርባ ሁለተኛዋ ፍሬ አስነገረችኝ መሰለኝ። የቬሊሳቭን ዛፍ ያስቆረጥሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ያመከንኋት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን የዛፏን ቁስል በእጁ ይዳብሳል፤ ጠርዙ ወፍሮ፣ ተገልብጦ፣ ሊገጥም ሁለት ጣት ቀርቶታል።

«እኔም ልመታት አልነበረም» አለ። «አባባ ሳይስቅ ሲቀር እጄ አልቆምም አለ።»

ወደ ጎተራው ሄደ። መጥረቢያውን ይዞ ሲመለስ ከዛፏ ፊት ቆምኩ። እሱ ግን እጀታውን ወደኔ አዙሮ ዘረጋልኝ።

«ለገና አንቺ ታስፈራሪያለሽ፣ እኔ እለምናለሁ።»

«ዋስ ትሆናለህ?»

«እሆናለሁ።»

«በምንህ?»

አጥሩን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ዛፏን አየ። «በመኪና መንገዱ» አለ። «ጋሽ ቬሊሳቭን በሱ ግቢ በኩል መንገድ እጠይቀዋለሁ። ጉቶው ከተነቀለ ያሳልፋል።»

መጥረቢያውን ተቀበልኩት። ካሰብሁት በላይ ከባድ ነው። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ክብደት አየር ላይ ሲያቆመው የኖረው እሱ ነው።

አሥሯን ለደሳንካ በሳህን ወሰድኩ። አንዷን ነክሳ ዓይኗን ጨፈነች። «ጎምዛዛ ናት» አለች፤ ሁለተኛዋን አነሳች። ለጋሽ ቬሊሳቭ አምስት። ሬልያ ለታማራ በኪሱ። እኔና እሱ ከዛፏ ሥር ቁጭ ብለን ስንት እንደበላን አልቆጠርንም፤ እንደ ልጅነታችን ፍሬውን ወደ አጥሩ እየተፋን። እሱ አሁንም ከኔ አርቆ ይተፋል።

ወደ ቤት ስገባ እማዬ የቀሩትን ለማድረቅ ለሁለት እየከፈለች ትሪ ላይ ትደረድራለች። ትሪው ላይ ወረቀት አንጥፋለች። የታተመ ወረቀት። ስሜን አየሁት፣ «በሙሉ ፈቃዴ» የሚለውንም፤ ቀዩ ጭማቂ እየዋጠው ነው። ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁ፤ ከጀርባው ምንም የለም።

«እማ፣ ይሄ እኮ…»

«ሌላ ንጹሕ ወረቀት አጣሁ» አለች።

የመጨረሻዋን ግማሽ ፕሪም አነሳች። ፊርማ በሚገባበት መስመር ላይ አስቀመጠቻትና በአውራ ጣቷ ጫን አደረገቻት። ከዚያ አየቻት፣ ደግማም ጫን አደረገቻት።